የግቢ በር ለምን መሬት ይነካል?

ባለፈው ክረምት በፊቸር አጻጻፍ ኮርሳችን አንድ አሳይመንት ተሰጠን። ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚያዝና ሲበላሽ ጥፋቱ እንዴት እንደሚፈለግ ለማያውቅ ሰው አስረዱ የሚል ነው። የክፍላችን ልጆች ምጣድ፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የልብስ ስፌት መኪና መረጡ። እኔ የግቢ በር አልኩ። ተሳቀብኝ። «በር ደግሞ ምን ይጻፍበታል? ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ» አለኝ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ። የእነሱ ቤት በር በትከሻ እየተገፋ የሚከፈት እንዳልሆነ ገባኝ።

የእኛ ግን እንደዚያ ነው። ቤታችን አምባ ጊዮርጊስ ነው። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አባቴ አይሱዙ ያሽከረክራል። ገብስ ወይም ድንች ጭኖ ጎንደር በጊዜ ለመግባት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ በሩን የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። የወገራን የሌሊት ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ስለ በር ስጽፍ ከመጽሐፍ ቀድቼ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በውጭ አገር የመኖሪያ ቤት ጋራዥ በር የሚባለው መኪናው ከሚያድርበት ክፍል ፊት ያለው፣ ወደ ጣሪያው እየታጠፈ የሚነሳው ነው። በእኛ አማርኛ ግን ጋራዥ ማለት መኪና የሚጠገንበት ቦታ ነው፤ መኪናው የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር የጋራዥ በር የግቢው የላሜራ በር ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሁለቱም ከባድ ሆነው ሳለ በየቀኑ እንዲንቀሳቀሱ የተፈረደባቸው ናቸው።

ምን ያህል ከባድ? የእኛ በር ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። አንዱ መዝጊያ 2 ሜትር ስፋትና 2.20 ሜትር ቁመት አለው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት ወደ 7,850 ኪሎ ስለሚመዝን፣ የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የአንዱ መዝጊያ ላሜራ ብቻውን 35 ኪሎ ነው ማለት ነው። ዙሪያውን የያዘው ቱቦላሬ፣ የመሃል አግዳሚዎቹና ሰያፉ ሲደመሩ ሌላ 35 ኪሎ ያህል ይጨምራሉ። 70 ኪሎ ብረት በሁለት ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ይውላል።

ክብደቱ ደግሞ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጫነው። የመዝጊያው መካከል ከቋሚው 1 ሜትር ስለሚርቅ፣ መዝጊያው ሁልጊዜ ጫፉን ወደ መሬት ሊደፋ ይታገላል። በዚህ ትግል የላይኛው ማጠፊያ ከቋሚው እየተሳበ ሊነቀል ይፈልጋል፤ የታችኛው ደግሞ ወደ ቋሚው ይገፋል። ሁለቱ ማጠፊያዎች በ1.60 ሜትር ከተራራቁ የላይኛውን የሚስበው ኃይል የ44 ኪሎ ያህል ነው። በያጁ አቀራርቦ በ1 ሜትር ርቀት ከበየዳቸው ግን 70 ይሆናል። የላሜራ በር ሲገነጠል ከላይኛው ማጠፊያ የሚጀምረው ለዚህ ነው። አዲስ በር የሚያሠራ ዘመድ ካላችሁ አንዱ ማጠፊያ በተቻለ መጠን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች እንዲርቅ ንገሩት፤ ገንዘብ አያስጨምርም።

አሁን ወደ እኛ በር ታሪክ ልግባ። ግቢው ታጥሮ በሩ የተሰቀለው በ2009 ዓ.ም. ነው። በ2011 ክረምት የቀኙ መዝጊያ ጫፉ መሬት መንካት ጀመረ። በያጅ ተጠራ። ወዘወዘውና «ማጠፊያው ላልቷል» አለ። ሁለቱንም ማጠፊያዎች ቆርጦ፣ መዝጊያውን ወደ ላይ አንስቶ መልሶ በየዳቸው። በሩ ተነሳ፣ አባቴ ከፈለ፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ኅዳር ሲመጣ ደግሞ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው በላይ ሆኖ አልገባ አለ። ቀዳዳው በሞረድ ሰፋ። በ2012 ክረምት በሩ እንደገና መሬት ነካ፤ እንደገና ብየዳ። በ2013ም እንደዚያው። ብየዳ በብየዳ ላይ ሲደራረብ የቋሚው ብረት በእሳት እየተበላ ይሳሳል። ይህን ያኔ የሚነግረን አልነበረም፤ ብንሰማም የምናስተውለው አይመስለኝም።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ እንደተለመደው 10 ሰዓት ላይ፣ አባቴ መኪናውን እያሞቀ ነበር። መብራት የለም። የ6 ዓመቱ ወንድሜ ባትሪ ያበራልኛል፤ እንቢ ብሎ ነው የተነሳው፣ ከእኔ ጋር መውጣት ይወዳል። የቀኙን መዝጊያ እንደ ሁልጊዜው በትከሻዬ ስገፋው ከላይ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። የላይኛው ማጠፊያ ከነብየዳው ተገንጥሎ ነበር። መዝጊያው ለአፍታ በታችኛው ማጠፊያ ቆመና ተጠማዞ ወደ ግቢው ወደቀ። ወንድሜ ከአጥሩ ጥግ የነበረውን ጀሪካን ተደግፎ ነበር የቆመው። ዘለለ። ጀሪካኑ ተጨፈለቀ። እሱ የግራ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ተነቀለ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እናቴ ጀሪካኑን እስከ ዛሬ አልጣለችውም።

ከዚያ በኋላ ሌላ በያጅ መጣ። ወፍራም ማጠፊያ ገዛን፤ ከሥሩ የሚያግዝ ወፍራም የብረት ቁራጭ ቋሚው ላይ ተለጠፈበት። በሩ ጠነከረ። መሬት መንካቱ ግን አልቀረም። እኛም ለመድነው፤ በጋ በእጅ፣ ክረምት በትከሻ።

እንግዲህ አሳይመንቱን ስጽፍ ሁለት በያጆች አነጋገርኩና «የግቢ በር መሬት የሚነካው ማጠፊያው ሲያልቅ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ምንጭ አለኝ፣ ጥቅስ አለኝ፣ ጥሩ መግቢያ አለኝ። አራት ገጽ ሞላሁ። መምህራችን ሲመልሱልኝ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በቀይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «የግራው መዝጊያስ ለምን አልወረደም?»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደድኩ። ማርኬን ለመቀነስ የተፈለገ ምክንያት መሰለኝ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን መልስ አጣሁለት። ሁለቱን መዝጊያዎች የሠራቸው አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ሳምንት፣ ከአንድ ዓይነት ላሜራ። ማጠፊያዎቹ ከአንድ ሱቅ ነው የተገዙት። የሚከፈቱትም እኩል ነው፤ አይሱዙ በአንድ መዝጊያ አይወጣም። የሚያልቀው ማጠፊያው ከሆነ የግራውም ማለቅ ነበረበት። ሁለት ባለሙያ አነጋግሬ፣ ሁለቱም ብረት በያጆች መሆናቸውን ልብ አላልኩም። በያጅ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ስለሚበየደው ነገር ነው፤ አይፈረድበትም።

በነሐሴ 2017 አጋማሽ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነበረን። ቤት እንደገባሁ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጋ ሄድኩና «አባባ፣ በራችንን ይዩልኝ» አልኳቸው። መዝጊያውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ሲባጎ አለሽ?» አሉኝ። ሲባጎው ጫፍ ላይ ትልቅ ዳዶ አሰሩ፤ ቱንቢ ማለት ነው። ከቀኙ ቋሚ አናት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ መግቢያው አርቀው አንጠለጠሉትና እስኪረጋ ጠበቁ። «አሁን ከታች ለኪ።» ለካሁ፤ 14 ሳንቲ ሜትር። ቋሚው አናቱን በ4 ሳንቲ ሜትር ወደ መግቢያው ደፍቷል ማለት ነው። የግራውን ስንለካ ከላይም ከታችም 10 ነው።

ይቺን ሂሳብ ወረቀት ላይ ሠራኋት። 2.20 ሜትር ቁመት ያለው ቋሚ አናቱ በ4 ሳንቲ ሜትር ሲያዘነብል፣ አብሮት የሚዞረው የ2 ሜትር መዝጊያ ጫፉ 3.6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ማጠፊያው አዲስ ቢሆንም፣ ወፍራም ቢሆንም ይወርዳል። በያጆቹ በየክረምቱ ቋሚው ሲያዘነብል መዝጊያውን ያነሱታል፤ ቋሚው በኅዳር ጥቂት ሲመለስ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው በላይ ይሆናል። ሦስት ዓመት የከፈልነው ለዚህ ዑደት ነው።

ቋሚው ለምን አዘነበለ? ሽማግሌው ይህንንም ከበሩ ላይ አልፈለጉትም። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይሄ አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚጥለው?» አሉ። ከቤቱ ጣሪያ የሚወርደው አሸንዳ ቱቦው የሚያልቀው ከአጥሩ ጥግ፣ ከቀኙ ቋሚ ሥር ነው። የእኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የክረምት ዝናብ ሙሉ ጣሪያ ውሃ አንድ ቋሚ ሥር ሲፈስ፣ 70 ኪሎው መዝጊያ ደግሞ ቋሚውን ወደ መግቢያው ሲስበው፣ ምን ይሆናል? አንድ ጥያቄ ከራሴ ጨመርኩ፤ የሌሎች ሰዎች በር ከላይ ሁለቱን ቋሚዎች የሚያያይዝ አግዳሚ አለው፣ የእኛ ለምን የለውም? አባቴ ሳቀ። «መኪናው በየት ይግባ?» ጭነት ያለው አይሱዙ ከአግዳሚው ሥር ስለማያልፍ ባለመኪና ሰው አናቱን ክፍት ይተወዋል። ቋሚዎቹ ታዲያ የሚደግፋቸው መሬቱ ብቻ ነው። ባለመኪና ቤት የቋሚው ጉድጓድ ከሌላው ጠልቆ መቆፈር ነበረበት።

እንግዲህ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ቅደም ተከተል ላካፍላችሁ፤ ከመሬት ተነስቶ ወደ መቀርቀሪያው መሄድ ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። መቀርቀሪያው አልገባ ሲል መቀርቀሪያውን ይደበድባል።

መጀመሪያ ቋሚው። ሲባጎና ዳዶ ይበቃል። በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ወደ መግቢያው ማዘንበሉና ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ። ወደ ውስጥ ያዘነበለ ቋሚ መዝጊያውን መሬት ላያስነካው ይችላል፤ ግን በሩ ሲለቀቅ በራሱ ይከፈታል ወይም በራሱ ይዘጋል። «በራችን ጂኒ አለበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሌላው ጥሩ ምልክት ወቅት ነው። ክረምት የሚጎተት፣ በጋ የሚድን በር ካያችሁ ጥፋቱ አፈር ውስጥ መሆኑን ጠርጥሩ፤ ማጠፊያ በኅዳር አይድንም።

ቀጥሎ ማጠፊያው። መዝጊያውን ግማሽ ክፈቱና ጫፉን በዲጂኖ ወይም በጠንካራ እንጨት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ሌላ ሰው ማጠፊያዎቹን ይይ። መዝጊያው ሲነሳ ማጠፊያው ውስጥ ያለው ዘንግ፣ በያጆች ፔርኖ የሚሉት፣ ወዲያና ወዲህ ከተጫወተ በልቷል ማለት ነው። የብየዳው ዳር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወይም ከቀለሙ ሥር የሚወጣ የዝገት መስመር ካለ አትዘግዩ፤ በ2014 እኛ ያላየነው እሱን ነው። ፔርኖው ደህና ሆኖ የማጠፊያው ሁለት ቁራጮች የሚጋጠሙበት ፊት ብቻ ተበልቶ መዝጊያው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከወረደ ብየዳ አያስፈልግም። መዝጊያውን በሰው ኃይል አንስቶ በእያንዳንዱ ፔርኖ ላይ እኩል ውፍረት ያለው ሮንዴላ መጨመር ነው። ሮንዴላ የሳንቲም ዕቃ ናት። በአንዱ ማጠፊያ ብቻ ካስገባችሁ ግን ክብደቱ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል።

ሦስተኛው የመዝጊያው ፍሬም ነው። ከላይኛው ግራ ማዕዘን እስከ ታችኛው ቀኝ፣ ከዚያም በሌላው በኩል በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው፤ ከተለያዩ ተንጋዷል። የሰያፉ አቅጣጫም ይታይ። ቀጭን የፌሮ ሰያፍ የሚጠቅመው ሲሳብ ስለሆነ፣ ከማጠፊያው በኩል ካለው የላይኛው ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጫፉ የታችኛው ማዕዘን መውረድ አለበት። በተቃራኒው የተበየደ ቀጭን ፌሮ ሲገፋ ይታጠፋል። በሠፈራችን ዞሬ ስቆጥር በተቃራኒው የተበየዱ ሦስት በሮች አገኘሁ። ለባለቤቶቹ ልነግራቸው ወይስ ዝም ልበል እያልኩ እስካሁን አልወሰንኩም።

መቀርቀሪያው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወደ መሬት የሚወርደው መቀርቀሪያ ቀዳዳ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል፤ በማንኪያ ማውጣት ነው። ያለቀ ጉዳይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ፔርኖ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ፌሮ፣ ግራሶ፤ የበያጁ ቤት ቃላት ብዙዎቹ ጣሊያንኛ ናቸው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን በሊማሊሞ የሚወርደውን መንገድ የጠረበው ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ ቃላቱን ከመሣሪያው ጋር ትቶልናል። በር፣ መዝጊያ፣ መቀርቀሪያ፣ ቁልፍ፣ ደጃፍ ግን የራሳችን ናቸው። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ እንኳ ከደጅ ነው የወጣው። የፋሲል ግቢም 12 በሮች እንደነበሩት ሲነገር ከሥማቸው ጋር ነው፤ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር እየተባለ። በድሮው የእንጨት መዝጊያ ማጠፊያ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። ከእንጨቱ ራሱ ከላይና ከታች እግር ይወጣለትና በመድረኩና በጉበኑ ጉድጓድ ውስጥ ይዞራል። ክብደቱ የሚያርፈው ታች በመድረኩ ላይ ስለሆነ እንደ ላሜራ በር ቋሚውን በላይኛው ማጠፊያ ብቻ አይጎትተውም። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ የሁለት ማጠፊያ ሂሳቤን ሳላሳያቸው የሚያውቁት መሰለኝ።

እንክብካቤውን በተመለከተ በዓመት ሁለት ቀን ይበቃል፤ አንዱ በሰኔ ከዝናቡ በፊት፣ ሌላው በጥቅምት። ማጠፊያ የሚፈልገው ግራሶ ነው። በሹፌር ቤት ግን የተቃጠለ ዘይት ስለማይጠፋ እሱ ይፈስበታል። አባቴም ያፈስ ነበር። ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ ወርዶ ያልቃል፤ የቀረው አቧራ ይይዝና ብረት የሚፍቅ ጭቃ ይሆናል። መዝጊያውን ጥቂት አንስቶ ፔርኖውን በጨርቅ ጠርጎ ግራሶ መቀባት ነው። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት መኪናው ግቢ ሲሰነብት በሩም ሳይከፈት ይከርማል፤ ያን ጊዜ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ማጠፊያው እንዳይነክስ ይረዳል። የቁልፉ ቀዳዳ ግን ግራሶም ዘይትም አይወድም፤ አቧራ ይሰበስብበታል። ቁልፉን በእርሳስ ጥርሱን አጥቁራችሁ ደጋግማችሁ አስገቡት፣ አውጡት። ለጓጉንቸርም ያው ነው። ይህን ሞክሬ እናቴ ተአምር አድርጋ ለጎረቤት አወራች።

ዝገት የሚጀምረው ከታች ነው፤ ላሜራው ከቱቦላሬው ጋር ነጥብ በነጥብ ስለሚበየድ በመካከሉ ውሃ ይቀመጣል። እኛ አገር ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት አመዳይ ብረቱ ላይ ያርፍና ጠዋት ቀልጦ ይወርዳል፤ ስለዚህ በጋም በሩ ይረጥባል። በታችኛው ቱቦላሬ ሆድ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ቢበሳ የገባው ውሃ ይወጣል። የዛገውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ፈግፍጎ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ ሲደርቅ ቀለም መደረብ ነው። ለበዓል ተብሎ ዝገቱ ላይ የሚቀባ ቀለም ከበዓሉ ብዙ አይዘልቅም።

አሁን ስለ አደጋው። መዝጊያ ከማጠፊያው ሲወጣ ከአራት ሰው ባነሰ አይሞከር፤ ከሥሩ ጉማጅ እንጨት ይግባ፣ ልጆች ቤት ይግቡ። ልጅ በመዝጊያ ጫፍ ላይ እንዲንጠለጠል አይፈቀድለት። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጫፉ ላይ ሲንጠለጠል የላይኛውን ማጠፊያ የሚስበው ኃይል ከ44 ወደ 69 ኪሎ ይወጣል። ወንድሜ ከአደጋው በፊት በየቀኑ ይንጠለጠልበት ነበር። በብየዳ ጊዜ ብልጭታውን ማየት የሚያመው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሌሊት ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይሆናል። የፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድ ሰው ካያችሁ እሱም አልተጠበቀም። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት በር ያላቸው ደግሞ፣ አዲስ አበባም ጎንደርም ቦታ በጠበበበት አለ፣ ከሁሉ በፊት በሐዲዱ ጫፍ ማቆሚያ መኖሩን ይዩ። ጎማው በኩሽኔታ ስለሚሽከረከር በሩ በአንድ እጅ ይሄዳል፤ ማቆሚያው ከሌለ ግን ከሐዲዱ አልፎ ሲሄድ የሚይዘው ነገር የለም፤ የሚወድቀው በሚገፋው ሰው ላይ ነው።

ስለ እውነተኛው የጋራዥ በር የነገረኝ ሜሪላንድ የሚኖረው አጎቴ ነው። አንድ ቀን ከቤቱ ውስጥ ጥይት የመሰለ ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ በሩ አልነሳ አለ። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ በሩ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ አዲስ ገዛ። አዲሱም አላነሳውም። የተሰበረው ከበሩ በላይ ተጠምዝዞ የተቀመጠው ሞላ ነበር። እንዲህ ያለውን በር የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሞተሩ የሚያደርገው ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሞላው በተለምዶ 10,000 ጊዜ ያህል ለመክፈትና ለመዝጋት ይሠራል፤ በቀን አራት ጊዜ ለሚጠቀም ሰው ከ7 ዓመት የማይበልጥ ዕድሜ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ሞተሩን ከበሩ የሚያላቅቀውን ገመድ ስቦ፣ በሩን በእጅ እስከ ወገብ አንስቶ ቀስ ብሎ መልቀቅ። እዚያው ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ከወደቀ ወይም ወደ ላይ ከሄደ ባለሙያ ይጠራል፤ የተጠመዘዘ ሞላ በራስ እጅ አይፈታም፣ ሰው ገድሏል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1993 ጀምሮ የሚመረት የቤት ጋራዥ ሞተር ሁሉ በሩ ሲዘጋ ከሥሩ ሰው እንዳይጨፈለቅ የሚያደርግ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። በሁለቱ ጎን ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚቀመጠው የጨረር ዓይን ለዚህ ነው። የዓይኑ መስተዋት አቧራ ሲይዝ በሩ አልዘጋ ይላል፤ በጨርቅ መጥረግ ነው። አጎቴ አሮጌውን ሞተር ጥሎት ነበር። ደህና ሞተር!

የእኛ ቋሚ በክረምት አልተነካም። ሽማግሌው መሬቱ ውሃውን እስኪለቅ እንጠብቅ አሉ። አሸንዳው ግን በዚያው ሳምንት ዞረ፤ እኔና ወንድሜ ከአጥሩ ውጭ እስካለው ቦይ ድረስ ጎርፍ መሄጃ ቆፈርን። በጥቅምት 2018 መዝጊያው ወረደ፣ ቋሚው ወጣ፣ ጉድጓዱ ከድሮው በእጥፍ ጠልቆ ከሥሩ ሰፍቶ ተቆፈረ፤ ድንጋይና ኮንክሪት ገባበት። ቋሚው በቱንቢ ቀንቶ ቆመ። ማጠፊያዎቹ ያው በ2014 የተገዙት ናቸው።

መዳኑን ገና አላውቅም፤ የሚታወቀው በሚመጣው ሐምሌ ነው። ከመዝጊያው ጫፍ ትይዩ በግራው መዝጊያ ላይ በምስማር አንድ ጭረት ጭሬ መጥቻለሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እናቴ ታየዋለች፣ ትደውልልኛለች። ያለፈው ወር ስትደውል ስለ ጤናዬ ሳትጠይቀኝ ነው የጀመረችው። «እዛው ነው፣ አልተነቃነቀም።»